ደግሞ የማይጠይቅ ወረቀት

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ፣ አቦ። ጠዋት።

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። ያለ መነጽር ክር በመርፌ ዓይን አስገባለሁ። ጫማዬን አጎንብሼ አስራለሁ፤ ቀና ስል ትንሽ ይዞርብኛል፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የደረጃውን ብረት ሳልይዝ ሦስተኛ ፎቅ እወጣለሁ። የከለከሉኝ መውረዱን ነው።

ከወደቅሁ ወዲህ ነው። ልጄ ዘነቡ በየካቲት ከአንኮበር ቁልቁል ካለው ቤቴ አንሥታ ደ/ብርሃን አመጣችኝ። የመንግሥት መ/ቤት ትሠራለች። ጠዋት ቤት የሚቀር ሰው ከሌለ በሩን ከውጭ ቆልፋ ትሄዳለች። ለደኅንነትህ ነው ትላለች። በግም በረት የሚዘጋበት ለደኅንነቱ ነው።

አንተን፣ ደብተር፣ የሰጠችኝ የዘነቡ ልጅ ቤዛ ናት። ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ዘንድሮ ጨራሽ። ትምህርቷ የፖለቲካ ሳይንስና የፖሊሲ ትንተና ይባላል። ግድግዳ ከምታይ ጻፍ አለችኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ብሳሳት አትሳቅ።

ዛሬ ጠዋት ክፍል የላትም። ኮምፒዩተሯ ላይ ሥዕል አሳየችኝ። ሁለት ቋሚ። አንዱ እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመ፣ ሌላው ከመሬት ያልተነሣ። ረጅሙ የእኛ ቀበሌ ሽማግሎች ናቸው፤ የመንግሥት ድጋፍ አያስፈልገንም ያልን። አጭሩ ያስፈልገናል ያለ ነው። አንድም ሰው የለበት። አባባ፣ ያንተ ሰዎች ኩሩ ናቸው፣ ልጆቻቸውም ጧሪ ናቸው አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

የያዝኩትን ሻይ ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ፣ ሥላሴ። ከሰዓት።

ቤ. ትለማመዳለች። ወሩ ሲያልቅ መምህራን ፊት ቆማ የመመረቂያ ጽሑፏን ትከላከላለች፣ ዲፌንስ ይሉታል። እኔ መምህር ሆኜ አልጋ ጫፍ ተቀምጫለሁ። ጠይቀኝ ትላለች። ፖሊሲ ምንድን ነው አልኳት። መንግሥት ካለው ነገር ለማን እንደሚሰጥ፣ ማንን እንደሚያልፍ የሚወስንበት መንገድ ነው አለች። ማለፉን ወደድኩላት። ስንት ዓመት ሲያልፈን ኖረናል፤ ስም እንዳለው አላውቅም ነበር።

ናሙናስ? ሁሉን ሰው መጠየቅ ስለማይቻል ጥቂቱን ጠይቆ ሌላውን መገመት፣ ከጆንያው እፍኝ እህል አንሥቶ እንደ ማየት። ይህንስ አውቃለሁ። ነጋዴ ምርጡን ከጆንያው አፍ ላይ እንደሚያደርገውም አውቃለሁ። ይህን ግን አልነገርኳትም።

ላንተ ልንገርህ።

ጥር ላይ ነው፣ ከጥምቀት በኋላ። ገና አልወደቅሁም፣ አገሬ ብቻዬን ነው የምኖረው። ቤ. ጥያቄ የታተመበት ወረቀት ይዛ መጣች፣ መጠይቅ የሚሉትን። እሑድ ነበርና ሁላችንም ሰንበቴ በልተን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠናል። የሰንበቴው ሙሴ እኔ ነኝ። አለቃው ማለት ነው፣ ዳቦ የሚቆረሰው እኔ ስናገር ነው። አክብራ ከእኔ ጀመረች። ሰው ሁሉ ይሰማል።

በቀን ስንት ጊዜ ትበላለህ? ሦስት ጊዜ። ማን ይጦርሃል? ልጆቼ። የሚጎድልህ? ምንም። ከመንግሥት ድጋፍ ትፈልጋለህ? ተመስገን፣ አልፈልግም።

እውነቱ። አስካለ ከሞተች ወዲህ እሳት የማነደው አልፎ አልፎ ነው። ያን ሰሞን የምበላው በሶ ነበር፣ በውኃ በጥብጬ፣ በቀን አንዴ። ዘነቡ እኔን ካየች ዓመት አልፏት ነበር። ልጅ እያለው ራበኝ ያለ ሰው ልጁን በአደባባይ ሰደበ። የምትጽፈው ደግሞ የልጅ ልጄ ናት። የእናቷን ገመና በእጇ ላስጽፋት?

ሌላም አለ። ሰው ቤት ገብተህ ብላ ስትባል መጀመሪያ በልቻለሁ ነው የምትለው። ባለቤቱ በሞቴ ይላል። ተው ትላለህ። ኧረ በሞቴ ይላል። ያን ጊዜ ትቀርባለህ። እንዲህ ነው ያደግነው። እኔም በሞቴ እስክትለኝ እየጠበቅሁ ነበር።

ወረቀቱን ገለበጠችው።

ከእኔ በኋላ ሠላሳ ሰው ተጠየቀ። ሠላሳውም ሙሴው እንዳለው አለ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ። ረፋድ።

አበጋዝ ደወለ። ጎረቤቴ ነው፣ የሰንበቴው ምክትል፣ ሰው ካልነካ የማያድር።

«አንተ ፎቅ ላይ ያለህ መልአክ፣ እኛን ከዚያ ታየናለህ?»

ከዚህ የሚታየኝ የጎረቤት ካልሲ ነው አልኩት። ሳቀ። ስለ በልጉ ጠየቅሁት፣ ገብሱ ዘንድሮ እንደ አምናው አይደለም አለ። ከዚያ ያቺ የልጅ ልጅህ መቼ ነው የምትመለሰው አለኝ።

ለምን አልኩ።

«ለምን ትላለህ እንዴ? አንዴ ጠይቃ ሄደች እኮ! ሰው ነገሩን አሰናድቶ ነው የሚጠብቃት። እትየ ሸዋዬ ጣሪያዋ ተቀዶ፣ ስትመጣ አሳያታለሁ ብላ ሳር እንኳ አላስከደነችበትም። ክረምቱ ደግሞ መጣ።»

ታዲያ ያኔ ለምን አልነገረቻትም? እሷም፣ አንተም?

«አያ ደምሴ! ሙሴው ጠገብኩ ባለበት ማን ራበኝ ይላል? አንተን ላዋርድ?»

እሱ ሳቀ። ቤ. የነገረችኝ ትዝ አለኝ። ወረዳው ለከርሞ የሚደገፉ ሽማግሎችን ሲለይ ጽሑፍሽን ስጪን ብሏታል። ያ ረጅም ቋሚ ይሰጣል። አጭሩም ይሰጣል።

እኛ እዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅን ነው። ወረቀት በሞቴ አይልም።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ፣ ሚካኤል።

ጠዋት ቤ. ዩኒቨርሲቲ፣ ዘነቡ ሥራ። ተቆልፎብኛል። ከቤት ወጥቼ መናኸሪያ ልሄድ አስቤ ነበር። ሄጄ ምን ላደርግ? አላውቅም። አበጋዝ ፊት ብቆም አንድ ነገር ይመጣልኛል ብዬ ነው። የግቢውን ጥበቃ ከበረንዳ ጠራሁት። አባቴ፣ እኔ የግቢውን በር እንጂ ቤቱን አልጠብቅም፣ ቁልፉ ከወይዘሮ ዘነቡ ጋ ነው አለኝ። ከዚያ ለዘነቡ ደውሎ ነገራት። ሰላይ።

ዘነቡ ስትመጣ ተቆጣች። ቆይታ ራርታ ሙቅ ውኃ አምጥታ እግሬን አጠበችኝ። በየቀኑ ታጥበኛለች። ክፉ ብትሆን ኖሮ ሁሉ ነገር ይቀለኝ ነበር። አባዬ ግን ምን ጎደለብህ አለችኝ፣ ቁርጭምጭሚቴን ይዛ። ምግብ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ብርድ ልብስ አለ።

ምንም አልጎደለብኝም ልጄ አልኳት።

ይኸው እኔ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ፣ ኪዳነ ምሕረት።

ለቤ. በዘወርዋራ ልነግራት ሞከርኩ። እንግዳ በልቻለሁ ሲልሽ ሳህኑን ታነሺያለሽ ወይ አልኳት። ገባት። የገባት ግን ጨዋታው ነው፣ ሳቀች። አባባ በመጠይቅ እንዲያ አይሠራም፤ ያሉትን ነው የምጽፈው፣ ያላሉትን ብጽፍ ማጭበርበር ነው አለች። ልክ ናት። ልክ መሆኗ አናደደኝ።

አማካሪ መምህሯ መልሱን በጣም ንጹሕ ነው ብሏታል። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ፈታኞቹ ግን አንድ ነገር ቢጠይቁኝ እፈራለሁ አለች። ምን? ሠላሳ አንድ ሰው እንዴት አንድ ቃል ተናገረ ቢሉኝ።

«ምን ብዬ ልመልስ፣ አባባ?»

እኔን! እኔን ጠየቀችኝ!

ሳልኩ። ውኃ አምጪልኝ አልኳት። አመጣችልኝ፣ ጠጣሁ፣ ተኛሁ። ስንት ጊዜ ነብር አባርሬአለሁ ብዬ ለልጆች አውርቻለሁ። ፈሪ።

ግንቦት 17፣ እሑድ። ከሰዓት።

ነገርኳት።

ዘነቡ ለቅሶ ሄዳለች። ቤ. ሽንኩርት ትከትፋለች። ዓይኗ ያለቅሳል፣ በሽንኩርቱ። ይህን አጋጣሚ ደግሜ አላገኘውም ብዬ ጀመርኩ። በሶውን። በቀን አንዴ መሆኑን። በሞቴ እስክትል መጠበቄን። ሠላሳው እኔን ላለማዋረድ መዋሸቱን። የእትየ ሸዋዬን ጣሪያ። አበጋዝ ያለውን።

ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን ታጠበች። ኮምፒዩተሯን ከፈተች፣ ያንን ቋሚ አየችው፣ ዘጋችው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

አንቱ አለችኝ። ከተወለደች አንቱ ብላኝ አታውቅም። ወንበሬ ከሥሬ የሸሸ መሰለኝ።

ከዚያ ተቆጣች። አራት ዓመት ተምሬ፣ መጠይቁ ታይቶ፣ በሌላ ሰፈር ተሞክሮ አለች። እኔም ተቆጣሁ። ለመሆኑ ሽማግሌ በሰው መካከል ራበህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል? ማነው ይህን ያስተማረሽ?

«ማንም አላስተማረኝም። አንተ ነበርክ ልታስተምረኝ የሚገባህ። አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር እኮ!»

አንተ አለችኝ ደግሞ። በዚያ ሁሉ መካከል ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሽንኩርቱ ይሸታል። እንዳለ ብታቀርበው ታልፋለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ጋውን ትለብሳለች፣ ማንም አያውቅባትም። ይህን እሷም አሰበችው፣ ፊቷ ላይ አየሁት። አልፈረድኩባትም።

አላቀርበውም አለች። ነገ ለመምህሬ እናገራለሁ። ተመልሼ እጠይቃለሁ፣ በየቤቱ፣ አንድ በአንድ፣ ሰው ሳይሰማ፣ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ። ቆይታ ደግሞ እማዬስ አለችኝ።

ስሜን አትጽፊው አይደል አልኳት። ስም የለውም አለች። መልስ ሰጪ ቁጥር አንድ ነው የሚለው። ሚስቱ የሞተችበት፣ የሰንበቴ ሙሴ፣ ብቻውን የሚኖር።

«እናቴ ሞኝ ናት እንዴ፣ አባባ?»

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ፣ ገብርኤል። ከሰዓት።

ቤ. ትናንት ለመምህሯ ተናገረች። አልተደሰተም። ግን አላባረራትም። ዲፌንሷ ወደ መጨረሻው ዙር ተገፍቷል። እስከዚያ ካልጨረሰች ለከርሞ። ጓደኞቿ ለምርቃት ልብስ ሲለኩ እሷ ጥያቄ ታስተካክላለች። ሳታቀረቅር ነው የነገረችኝ። አንገቷ የአስካለ ነው።

መንገዱ ሁለት ቀን ተዘግቶ ነበር፣ ዛሬ መኪና አልፏል አሉ። ቅዳሜ ጠዋት በአንኮበር ሚኒባስ ለመውረድ ተስማማን። እሷ ብቻዬን ልሂድ ብላ ነበር። እንዴት ተደርጎ አልኳት። እኔ ጠገብኩ ያልኩት ሳይነሣ ማንም አፉን አይከፍትልሽም። ያነሣሁትን ነገር እኔው ማውረድ አለብኝ። ጉልበትህስ አለችኝ። ጉልበቴ ቁልቁለቱን ያውቀዋል አልኳት። አቀበቱን ስንመለስ እናስብበታለን።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ያለብኝን ዕዳ እጽፍብሃለሁ። ብር አይደለም። ልጆች የማይከፍሉልኝ ነው።

የእትየ ሸዋዬ። ደጇ ሄጄ፣ ጣሪያውን ቀና ብዬ አይቼ፣ እኔ ርቦኝ ነበር፣ አንቺም ያለብሽን ተናገሪ ማለት። የምትሰድበኝን ስድብ ቆሜ መስማት። ብዙ ነው።

የአበጋዝ። የሱ ቀላል ነው፣ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሁለት ወር እንኳ ይሳቅ።

የሰንበቴው። እሑድ ዳቦ ከመቆረሱ በፊት ቆሜ መናገር። ሙሴነቱን ካልፈለጉኝ ያውርዱኝ። (አያወርዱኝም። ቢያወርዱኝስ?)

የቤ. እሷን ምን ብዬ እክሳታለሁ? ያ መምህር ስሙን ትንገረኝ። ሄጄ ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም፣ የእኔ ነው እለዋለሁ። አያስፈልግም ትላለች። አልጠየቅኋትም።

የአስካለ። ስትሞት እሳቱን እንዳታጠፋው ብላኝ ነበር። እሺ ብያት ነበር። ይህን ለማን እንደምከፍል አላውቅም። ቄሱን እጠይቃለሁ።

የዘነቡ። ቤ. እኔ ልንገራት አለችኝ፣ እኔ አቀልለዋለሁ አለች። አይሆንም። የእኔን ረሃብ ከሌላ ሰው አፍ አትሰማም። እግሬን እያጠበችም አይሆንም፣ ቁልቁል እያየኋት። ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እኔም ተቀምጬ፣ እኩል። መጀመሪያ ምን ልበል? አልወቅስሽም ልበል? ይህ ራሱ ወቀሳ ነው። በሶውን ብቻ ልንገራት። ሌላውን ራሷ

በሩ ተከፈተ። ዘነቡ ናት፣ ጫማዋን እያወለቀች ነው። ልነሣ።