ጀርባሽን ብቻ የሣልኩሽ

አስኩዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ። እዚህ ስደት አገር፣ የሃውገሩድ ሰፈሯ ቤታችን እንደነበረች ናት፤ ሶፋሽን ግን ወደ ግድግዳው ገፍቼ የሥዕል ሸራዬን መስኮቱ ፊት አቁሜዋለሁ። ብትኖሪ ሸራውንም እኔንም በረንዳ ላይ ታሳድሪን ነበር።

ያን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የነበረ አሜሪካዊ ሠዓሊ ታስታውሺዋለሽ። ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ ሥዕል ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም። በጋውን ከተራራ ተራራ እየዞረ በትንንሽ ወረቀት ይነድፋል፣ የቀለሙን ስም ጥጉ ላይ በእርሳስ ይጽፋል፣ ብርዱ ሲገባ ከተማ ተመልሶ ግድግዳ የሚያክል ሥዕል ያወጣል። ያልነበረ ተራራም ይጨምርበታል። አንቺ "ሰውዬው ውሸታም ነው፣ ለዚህ ነው የወደድከው" አልሽ። አልተሳሳትሽም።

ከተራራው ሥር ሁልጊዜ ጥፍር የምታክል ሰው ያቆማል፣ የተራራው ግዝፈት እንዲታይ። እኔም በየሥዕሌ ሰፈራችን አጠገብ ካለው ጫካ ሐይቅ ዳር አንቺን አቆምኩሽ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽ። "ይህን ሁሉ ዓመት አብልቼህ ጉንዳን አደረግከኝ" ስትይ፣ ፊት ብዙ ቀለም ይፈጃል እያልኩ አበሽቅሽ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፤ ፊት መሣል አልችልም ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ፊት የለም። ይህን ከማመን መቀለድ ቀለለኝ።

አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ የሆስፒታሉ ፊትሽ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ሰላም ስልኳን ከፍታ "አጎቴ፣ ይኸው፣ ከዚህ ገልብጥ" አለችኝ። ፎቶው ላይ ግን ለፓስፖርት እንደተነሣ ሰው ኮስተር ብለሻል። እኔ የምፈልገው ልትቆጪኝ ስትይ ሳቅ ሲያመልጥሽ የነበረውን ፊት ነው። ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩ። የማላውቃቸው ዘጠኝ ሴቶች ሶፋሽ ላይ ተደረደሩ። ትናንት ሁሉንም በነጭ ቀለም ደፈንኳቸውና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሰላም በሩን ብታንኳኳ አልከፈትኩላትም።

ዛሬ የድሮዎቹን ሥዕሎች በማጉያ መነጽር አየኋቸው። በሁሉም ላይ የግራ ትከሻሽ ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ በምትሠሪበት መጦሪያ ቤት አረጋውያኑን ስታነሺ ስታስተኚ የጎበጠ ትከሻ። ሳላስበው ነው የሣልኩት።

አስኩ፣ እለምንሻለሁ፣ አንዴ ዞር በይልኝ። አልቀልድም። ባትዞሪም፣ ከሺህ ሴት መሃል ከኋላሽ እለይሻለሁ። ያቺን ትከሻ እስክሞት አልረሳትም።

ባልሽ ግርማ