በሩ ላይ ያለቀው ፊልም

ወንድምዓለም፣ ጋሻዬ፣

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ሚሊሺያዎቹን የጫነው መኪና በመካነ ሰላም ገበያ በኩል ሲያልፍ እጅህን ያወዛወዝክልኝ ትናንት ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ እኔ ያልነበርኩበት፣ ሰው ያወራልኝ ነገር ይመስለኛል። ፊት ለፊት ሳለህ ቀና ብዬ የማላይህ እኅትህ ይህን ሁሉ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ወረቀት አያይም፤ ለዚህ ነው የደፈርኩት።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው ካብ ፈርሶ ነበር፣ አጎታችን መልሶ ካበው። ቀይዋ ላም ወለደች። ያ ስንት ዓመት ምርቱን ከባለመሬቱ እኩል እየተካፈልክ ያረስከው ማሳ አሁን የራሳችን ነው ተብሏል፤ ዘንድሮ ገብስ ተዘርቶበታል። የምጽፍልህ ግን ስለ እማዬ ነው።

ባለፈው ወር ከደሴ የፊልም መኪና መጣ። የትምህርት ቤቱን አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፈኗቸውና በቀትር ጨለማ ተሠራ። እማዬን አባብዬ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ከመርዶህ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልወጣችም ነበርና፣ ልቧ ትንሽ ይከፈት ብዬ ነው። ከኋላችን የሚጮኸው ማሽን ብርሃኑን ሲለቀው አቧራው በውስጡ እንደ እብቅ ሲንሳፈፍ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ የት እንዳለሁ ጠፋኝ።

ፊልሙ የውጭ አገር ነው። ጦርነት አልቆ፣ ሞቷል የተባለ አንድ ወታደር በእግሩ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ያሳያል። አንድ መምህር በድምፅ ማጉያ ወደ አማርኛ ይመልሱልን ነበር፤ ቋንቋውን ግን እሳቸውም አያውቁትም፣ ከተሰጣቸው ወረቀት ላይ ነው የሚያነቡት። ሰዎቹ ዝም ሲሉ እሳቸው ይናገራሉ፣ ሰዎቹ ሲናገሩ እሳቸው ገጽ ይገልጣሉ። ወታደሩ ብቅ ሲል ሱሪው እንኳ አልተጨማደደም። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ጮክ ብለው፦ “ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ከሠርግ እንጂ ከጦር የመጣ አይመስልም!” አሉ። እውነታቸውን ነው። ጉንጩ ሙሉ፣ መንደሩ ለምለም፣ የእናቱ ሽበት ዱቄት የነሰነሱበት ነው የሚመስለው። አንድ የከሳ ሰው፣ አንድ የተዘጋ ቤት የለም።

አንድ ነገር ግን እውነት ነበር። ወታደሩ መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ዳቦ ሲሰጡት ግማሹን ይበላና ግማሹን ማንም ሳያየው ኪሱ ይከታል። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ክፉ ቀን፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ፣ አንተ ለቀን ሥራ ወግዲ ድረስ ትሄድ ነበር፤ ስትመለስ “እኔ በልቻለሁ” እያልክ የባቄላ ቆሎ ከኪስህ አውጥተህ መዳፌ ላይ ትደፋው ነበር። ቀኑ ካለፈ፣ ጥጋብ ከመጣ በኋላ እንኳ ልብስህን ሳጥብ ከኪስህ ስፌት ሥር ቆሎ አገኝ ነበር። የፊልሙን ያቺን የዳቦ ቦታ የሠራት ሰው ረሃብን ያውቀዋል። ሌላውን ከየት እንዳመጣው እንጃ።

ከዚያ ወታደሩ የእናቱን በር ከፈተ። ያን ጊዜ እማዬ ብድግ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ብቻዋን። ሰው ሁሉ ዞረ። አንዱ ከኋላ፦ “እማማ፣ ልጁ የእርስዎ ነው እንዴ?” ብሎ ቀለደ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን አልሰማችውም። እናትና ልጅ ተቃቀፉ፣ ሙዚቃው ከፍ አለ፣ ፊልሙም እዚያው በሩ ላይ አለቀ።

መንገድ ላይ እጄን ጭምቅ አድርጋ፦ “አየሽ? እሱንም ሞተ ብለውት ነበር። የኔን ልጅስ ማን አየው? ማን ቀበረው?” አለችኝ። 

በማግስቱ ለሙት ዓመትህ ያዘጋጀችውን ብቅል ለጎረቤት አደለችው። በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት በቁሙ መቅበር ነው አለች። የነፍስ አባታችን መጥተው ቢለምኗት፦ “ይፍቱኝ አባቴ፤ እርስዎም አላዩትም” ብላ መለሰቻቸው። መደብህን ለቅልቃ ቁርበት አነጠፈችበት።

እውነቱን ልንገርህ? እኔም ወድጄው ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል በዚያ ፊልም ውስጥ ኖርኩ። ጉም ከገደሉ ሲነሣ በወግዲ መንገድ ስትመጣ አይሃለሁ፤ እንስራዬን አስቀምጬ እጠብቅሃለሁ፤ ጉሙ ሲገለጥ ግንድ ነው፣ ወይም የሰው አህያ። አላለቅስም። ነገ ይመጣል እያልኩ ውሃዬን አዝዬ እመለሳለሁ።

ግን ያየህ ሰው አለ፤ እኔም አውቅ ነበር። መርዶህ የመጣው በጓደኛህ ደብዳቤ ነው። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ወረቀቱን ካመጣው መልእክተኛ ሰምተው፣ እንደ ወጉ አሳድረው፣ ጎህ ሲቀድ መጡ። ማንበብ የሚችል ስላልነበራቸው ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ መሞትህን አነበብኩ፤ እማዬ ደረቷን ስትደቃ ቀሪውን አጥፌ ደበቅኩት። ውሃ ለምነኸው እንዳልነበረው፣ ራስህን ጭኑ ላይ አድርጎ ዓይንህን እንደከደነ፣ በእጁ ቆፍሮ እንደቀበረህ፣ ራስጌህ ላይም ነጭ ድንጋይ እንዳቆመ ጽፎ ነበር። ጥማትህን እንዳትሰማ ብዬ መቀበርህን ከለከልኳት።

ፊልሙን ሳስበው አሁን አንዲት ሴት ትታየኛለች። ወታደሩ በሩን ሲከፍት ከአጥሩ ባሻገር ቆማ ታያለች፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች። የእሷ ልጅ አልተመለሰም መሰለኝ። ፊልሙ በቅጽበት አልፏት ሄደ። እኔ ብሆን እሷን ተከትዬ ቤቷ እገባ ነበር።

ትናንት ጠዋት እማዬ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ውሃው ላይ ስደርስ እጇ ቆመ። ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን፦ “ያ ልጅ እናት አለችው?” አለች። አላውቅም አልኳት። “እንግዲያስ ጻፊለት። ተርፎ እንደሆነ ይምጣ። ልጄን አፈር ያለበሰ እጅ ልሳም።” ከዚያ መደብህ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት።

ሙት ዓመትህ በሚመጣው ሳምንት ይወጣል። ጎረቤት ገብሱን እያዋጣ ነው፤ እትዬ ዘይነባም ለእስላሙ የሚሆነውን በግ እኔ አሳርዳለሁ ብለዋል። ለጓደኛህ ገና አልጻፍኩም፤ አስቀድሞ ላንተ ይድረስ ብዬ ነው።

ጋሻዬ፣ በየዓመቱ ባረፍክበት ቀን ደብዳቤውን ለእማዬ አነብላታለሁ። እሷ ስታልፍ፣ ልጅ ከወለድኩ ለልጆቼ፣ ካልወለድኩም ለሚሰማኝ ሁሉ አነብባለሁ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥም ውሃውን አልዘልም።

እኅትህ አስካለ