የዘይቱና ፋኖስ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6። ከሰዓት 9፡30። ሮቤ

ዛሬም ከድር ኢንተርኔት ቤት ነኝ፣ ደብተሬ። የመስኮቱ ወንበር። ውጭ ዝናብ፣ ስክሪኑ ላይ ጭጋግ። ዘይቱና ጨዋታው ውስጥ ገብታለች፤ ፋኖሷ ይታየኛል። ሰላም አላልኳትም። አላለችኝም።

ስለ ጨዋታው ነግሬሽ አላውቅም። በአጭሩ፦ ሦስት ነን። ዘይቱና (ዘ.) ጦረኛ ናት፤ ጎባ ጨርቅ ሱቋ ውስጥ ሆና በራሷ ላፕቶፕ ትጫወታለች። እኔ መድኃኒት ቀማሚ። ጋሽ በቀለ ቀስተኛ። ጋሽ በቀለ ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸው፣ እዚሁ አጠገቤ ነው የሚቀመጡት። ጨዋታው ውስጥ ሃያ ዓመታቸው ነው። ፀጉርም አላቸው።

ጨዋታው ስሜት ይለካል። ሰው ሲጨዋወት ሰማዩ ይገለጣል፣ ሣሩ ይለመልማል፣ ዋሽንት ይሰማል። ዝምታ ሲበዛ ዋሽንቱ ይቀራል፣ ጭጋጉ ይወርዳል፣ ከሩቅ ከበሮ ይመታል። እንኳን ገጸ ባሕርዬን እኔንም ይበርደኛል። ሁላችንም ፋኖስ አለን። ፋኖሱ የሚበራው በጓድሽ ቃል ብቻ ነው። የኔ ጓድ ዘ.፣ የሷ እኔ። (የጋሽ በቀለ ጓድ አንዲት የውጭ አገር ሴት ናት። ቋንቋ ሳይግባቡ ቀኑን ሙሉ ያወራሉ።) ፋኖሱ ከጠፋ ገጸ ባሕርይዋ ጭጋጉ ውስጥ ቀረች። አትመለስም።

ጥሉ? ስጽፈው አፈርኩ። ዘ. እሁድ ጠቅልላ ከባሏ ጋር አንገቱ ወደምትባል ሩቅ ከተማ ትሄዳለች፤ ቡና ንግድ ይዟል። እዚያ ኢንተርኔት የለም። ይህን ከማን ሰማሁ? ከጋሽ በቀለ! የባሌ ወሬ ሁሉ ቀድሞ እኔ ጋ የሚደርሰው፣ በየወሩ መጽሔት ላይ የሰው ጓዳ የምጽፈው እኔ፣ የገዛ ጓደኛዬን ወሬ ከሁሉ ኋላ ሰማሁ። ደወልኩላት። ላንቺ መንገር ለመጽሔቱ መንገር ነው አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7። ከሰዓት

አሁንም ቀድማኛለች። ገባኝ ተንኮሏ።

እኛ ጋ ገቢ ነው ሰላም የሚለው። ሱቅ ግቢ፣ ሚኒባስ ግቢ፣ ለቅሶ ቤት ግቢ፦ የተቀመጠ ይጠብቃል፣ የገባ ይጀምራል። ጨዋታውንም የምንጫወተው በዚሁ ሕግ ነው። አካም ቡልቴ (እንዴት አደርሽ)፣ ነጋዳ (ሰላም ነው)፣ ልጆቹ፣ ላሟ፣ ዝናቡ። ሌላው ቡድን ዘንዶ ገድሎ ሲመለስ እኛ ገና ላሟ ላይ ነን። ሰማያችን ግን ሁሌ ብራ ነበር! አንዴ የሚያስፈራ ዋሻ ገብተን፣ ሰላምታችን ሳያልቅ ዋሻው ውስጥ ፀሐይ ወጣ። ዘ. በስልክ እስኪያንቃት ሳቀች።

አሁን ቀድማ ገብታ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ገቢ እንድሆንላት። እንድንበረከክ።

ነገ እቀድማታለሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8። ጧት

ከድር በሩን ሳይከፍት ደረስኩ። አካም ቡልቴ፣ ማሽን አብራልኝ አልኩት። ወላሂ እህቴ አንቺ ጤና የለሽም አለኝ፣ እያዛጋ።

ገባሁ። አለች! ሱቋን መቼ ከፈተች?

ሰላም ሳልል ወጣሁ። ገብቶ፣ አይቶ፣ ዝም ብሎ መውጣት። እዚህ አገር ሰው ፊት ላይ ከመትፋት አይተናነስም። ጨዋታ እኮ ነው። አይደለም።

ከሰዓት፦ እሷ እንጀራዋን ለመብላት ስትወጣ ጠብቄ ገባሁ። ተመልሳ ስትመጣ አልጻፈችም። ጭራሽ! ከድርን ለመንኩት፣ ማሽኑን ማታ እንዳያጠፋው። ከእንግዲህ አልወጣም።

አርብ፣ ነሐሴ 9

እሷም አላጠፋችም። አሁን ሁለታችንም ውስጥ ነን። ገቢ የለም። ባለቤት ብቻ።

ሣሩ አመድ መስሏል። ከበሮው ቀርቧል። የሷን ጦር ጫፍ ብቻ ነው የማየው፣ ከጭጋጉ በላይ። ፋኖሷ የክብሪት ያህል ሆኗል። የኔም ከሷ ብዙ አይሻልም።

ጋሽ በቀለ ገቡና ለሁለታችንም ሰላምታ አዥጎደጎዱ። ሁለታችንም መለስንላቸው፣ ለየብቻ። ትንሽ ብርሃን መጣ፣ ሄደ። የሳቸው ቃል ፋኖሳችንን አያበራም። ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ቢሮ ውስጥ አኩራፊ ሳስታርቅ ነው የኖርኩት። ጦር ይዞ የሚያኮርፍ ግን አሁን ገና አየሁ።»

«እሷ ትጀምር፣ ጋሼ። የደበቀችኝ እሷ ናት።»

«ለኔም እኮ አልነገረችኝም። ባሏ መኪና ሲያፈላልግ ነው የሰማሁት። ላንቺ ስትነግርሽ ማልቀሷ ስለማይቀር ይሆናል።»

ይህን ብለው ወዲያው ወደ ውጭ አገሯ ሴትዮ ዞሩ። ስለ ጉልበታቸው ሊነግሯት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10። ከሰዓት 8፡00

ነገ ትሄዳለች።

ዘ. ጦሯን መሬት ላይ አስቀምጣለች። መቼ እንዳስቀመጠችው አላየሁም። ወደ እኔ ዞራ ቆማለች፣ ባዶ እጇን። ፋኖሷ ብልጭ ይላል፣ ይሞታል፣ ብልጭ ይላል። ጋሽ በቀለ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ከድር ሳይቀር መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል፦ በይ ጻፊ እንጂ!

ዘይቱ ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። እንደገና ዘይ

8፡20

መብራት ሄደ! ሰፈሩ በሙሉ። ስክሪኑ ጥቁር። ቃሉ ሳይላክ።

ከድር መብራቱ ዛሬ አይመጣም ይላል፣ ዝናቡ ምሰሶ ጥሏል። የዘ. ስልክ ዝግ ነው። ጋሽ በቀለ ድንግዝግዙ ውስጥ መሳቅ ጀመሩ። ልናገራቸው ስል፦

«ምን ታፈጪብኛለሽ? አንቺ እኮ ወጣሽ። መብራቱ አስወጣሽ። ከእንግዲህ የትም ብትሄጂ ገቢዋ አንቺ ነሽ።»

ጃንጥላቸውን ሰጡኝ። ሂጂ አላሉኝም።

9፡00 ገደማ። የጎባ ሚኒባስ ውስጥ

ጽሑፌ ቢንቀጠቀጥ መንገዱ ነው። ጭጋጉ እውነተኛ ነው፤ ስንዴው አይታይም። ስገባ ለተሳፋሪው ሁሉ ሰላም አልኩ፣ ሁሉም መለሱልኝ። አፌ ይሠራል ማለት ነው።

ፋኖሷ እስካሁን ጠፍቶ ይሆናል። ይጥፋ። የኔም ይጥፋ። ለምን አልነገርሽኝም አልላትም። አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ፣ እላታለሁ። ልጆቹ፣ ባልሽ፣ ዕቃው ተጫነ ወይ፣ ዝናቡ፣ አንዱንም ሳልዘል። መጽሔቱ ላይ አንዲት መስመር አይወጣም። ስታለቅስም አልጽፍም። እኔ ሳለቅስም።

ጎባ ገባን። ሱቋ ታየኝ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ጣቃው ግማሹ ታስሯል፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ወራጅ