የኦቦ ደበላ ቅርንጫፍ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ሳህሌ፤ ድሬዳዋ።

ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ያ የጎን ውጋትህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ቅባት እያሸህ ነው? ብዙወርቅስ፣ ልጆቹስ? እኛ ከጭቃው በቀር ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤህን የባቡሩ ተቆጣጣሪ አድርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተናደድኩ።

«ኦቦ ደበላ አርጅተዋል፤ መንገዱን ሌላ ሰው ይጠብቀው» ብለሃል። ወሬውን ያመጣልህ ሰው ፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ የሰማውን ነው የነገረህ። እኔ ደግሞ በእግሬ የነበርኩበትን ልንገርህ። የዕለቱን ነገር ደብተሬ ላይ ሳላሰፍር እንደማልውል ታውቃለህ።

ከየረር ኮረብታ ለኮረብታ ወደ አቃቂ የሚወርደውን የገበያ መንገድ አልረሳኸውም። ኦቦ ደበላ ደጅ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። የታችኛው ሸለቆውን አቋርጦ ያሳጥራል፤ የላይኛው ጋራውን ይዞ ይዞራል። ወንዙ ሲሞላ ኦቦ ደበላ እርጥብ የወይራ ቅርንጫፍ በታችኛው መንገድ ላይ ያጋድማሉ። ቅርንጫፉን ያየ በላይ ይዞራል፤ ከሌለ በታች ያልፋል። አባታችንም በዚሁ ነበር የሚሄደው።

ዘንድሮ ከከተማ የእግር ተጓዦች ማኅበር የሚባል መጣ። የሦስት ቀን የሽርሽር መንገድ እናወጣለን ብለው በየድንጋዩ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። አያቶቻችን ቅቤ ጭነው የተመላለሱበትን መንገድ «አገኘነው» አሉ። ይሁን፣ ቀለም ሰው አይገድልም ብዬ ዝም አልኩ።

ሰኔ 13 ቀን ቅዳሜ ማለዳ ቅቤ ጭኜ ወደ ገበያ ስመጣ ወይራው እንደ ወጉ ተጋድሟል፤ በላይ ዞርኩ። ዳገቱ ላይ ሆኜ ዘወር ስል ሁለት ቀለም ቀቢዎች ቅርንጫፉን ሲያነሱ አየሁ። ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ቀብተው የሚመልሱት መሰለኝ። «ቀቢዎቹ ወይራውን አነሱ» ብዬ ጻፍኩና ሄድኩ። ተመልሼ አለመናገሬ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

ከኋላዬ አደሴ መጣች፤ ያቺ ከእኛ ጎን የምትሸጠው ቅቤ ነጋዴ። ቅርንጫፍ ስላላየች በታች ወረደች። ደራሹ ጎርፍ ሁለቱን አህዮቿን ከነጭነታቸው ወሰዳቸው። እሷን ሰው ደርሶ ጎትቶ አወጣት፤ እግሯ ግን ተሰበረ።

ገበያው በአንድ አፍ «ደበላ ተኝተው ነው» አለ። ወንድሟ ሁንዴ ሽማግሌ ፊት ከሰሳቸው። ኦቦ ደበላ ራሳቸውን ሳይከላከሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አጋድሜ ነበር ለምን አላሉም ብዬ ብጠይቃቸው «አስካለ፣ የሌለ ቅርንጫፍ ማን ያምናል?» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው መጀመሪያ ሥራችንን ዓርብ ጨርሰናል፤ ቅዳሜ እዚያ አልነበርንም አሉ። ደብተሬን ገልጬ ፊታቸው አኖርኩት። አነበቡና ድምፃቸው ወረደ፤ ልጆቹ ቆሻሻ መስሏቸው መንገድ ሲያጸዱ ነው አሉ። ይባስ ብለው አህዮቹ ሌላ መንገድ ቢፈለግላቸው አይሻልም ወይ ብለው ጠየቁኝ። «መንገዱ የአህዮቹ ነው፤ እንግዳው እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርበው ይህንኑ እንዲናገሩ አስማልኳቸው። እውነት ለመናገር፣ እንደማሉት መጡ፤ የከተማ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ ቆመው ተናገሩ።

ኦቦ ደበላ ነጹ። ቅርንጫፉን ግን አላጋድምም አሉ። «ስሜን በክፉ ያነሳ ሁሉ መጥቶ ስሜን ይመልስልኝ» ነው ያሉት። ሁንዴ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። አደሴ በቃሬዛ መጣች። ገበያተኛውም አንድ በአንድ ደጃቸውን ረገጠ።

የቀረኸው አንተ ነህ። ተቆጣጣሪው ደብዳቤህን ሲሰጠኝ ለእሱም ያልከውን በቃሉ ገበያ መሀል ደግሞታልና ኦቦ ደበላም ሰምተውታል። አባታችን ሲሞት አስከሬኑን በዚያ ዳገት የተሸከሙትን ሰው በወሬ ፈረድክባቸው፤ ይህ ከቀቢዎቹ ይብስብኛል። እነሱ አያውቁም፤ አንተ ታውቃለህ።

አንተ ይቅርታ እስክትጠይቃቸው ወይራውን የማጋድመው እኔ ነኝ። ሰው ግን የእኔን ቅርንጫፍ አያምነውም፤ ተራምዶት ያልፋል። ሐምሌ ነው ጋሼ፣ ወንዙ አይጠብቅህም። በራስህ እጅ ጻፍላቸው፤ ደጃቸው ቆሜ አነብላቸዋለሁ።

ባለቤቴ አምባው እጅ ነስቷል። እማማ አሰጋሽ ጉልበታቸው ቢደክምም በጸሎት ያስቡሃል። ብዙወርቅን ሳምልኝ፤ ትልቁን ልጅ በትምህርቱ በርታ በልልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ለኦቦ ደበላ የላክኸውን ሰላምታ ግን አላደረስኩም። እሱን ራስህ ጻፈው።

እህትህ አስካለማርያም
አቃቂ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1956 ዓ.ም.