በሦስት ዙር የተቋጠሩት መንጠቆዎች

ደምስዬ፣ የኔ ዓለም፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ተያዘ። ከተለየኸኝ ዓመት ከሃያ ቀን ሆነ። ሙት ዓመትህን እዚሁ ናይሮቢ ቤተ ክርስቲያናችን አወጣሁ። ሰው ሁሉ ስለ ደግነትህና ስለ ግልጽነትህ አወራ፤ እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ አዳመጥኩ። ያን ዕለት ጽፌልህ ቢሆን ሌላ ደብዳቤ ይደርስህ ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል፤ እኔን ግን አደረገኝ። ዛሬ የምጽፍልህ ተቆጥቼ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሰፈራችን ሳውዝ ሲ ያው እንደምታውቀው ነው፤ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ ጀሪካኖቹን አንተ በደረደርክበት ቦታ አስቀምጬ እሞላለሁ። ኢስትሊ ያለው ምግብ ቤቴ አልተዘጋም። ዝናብ ከጣለ ማታቱ ታክሲው ደጃፉ ድረስ አይገባም፣ ጭቃውን እያማተብኩ እሻገራለሁ። በጾም ዓሣ እንሠራለን፤ ዓሣ ይጾማል አይጾምም እያሉ የሚከራከሩት ሁለቱ ወዳጆችህ እስከ ዛሬ አልተስማሙም፣ ዓሣውን ግን ሁለቱም ይበላሉ።

እናትህ እማማ በለጡ ደኅና ናቸው። መሞትህን አልሰሙም። ወንድሞችህ የእማማ ልብ ደካማ ነውና ይቆይ አሉ፣ እኔም እሺ አልኩ። አንተን እዚህ ላንጋታ መቃብር ስንቀብርህ እነሱ አዲስ አበባ ጎረቤት ቤት ተደብቀው አለቀሱልህ። እማማ በስልክ «ደምሰው የት ነው?» ሲሉኝ፣ «ሞምባሳ ነው፤ የእርዳታ እህል የጫነ መርከብ ገብቶ ወደቡ ላይ ነው» እላቸዋለሁ። «ያ ልጅ ከባሕር የሚወጣው መቼ ነው?» ይሉኛል። እኔም ዓመት ሙሉ ከባሕር ሳላወጣህ ኖርኩ።

የሚያናድደኝ ነገር የመጣው ከአረንጓዴው የብረት ሳጥንህ ነው። የዓሣ ማጥመጃህን ለባካሪ ልልክለት አሰብኩ። ወደብ ላይ ስትሠራ ዓሣ ማጥመድ ያስተማረህ፣ ጀልባውን ላንተ ሲል ከሥራ የሚያስቀር ሽማግሌ እሱ ነውና ከሱ የተሻለ ማን ይውረስህ ብዬ ነው። ቆሻሻ እንዳልልክለት ላጸዳው ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አወጣሁት። ከታመምክ ጀምሮ የተከፈተ አልመሰለኝም ነበር።

ያንን ጠረጴዛ ታስታውሰዋለህ። ልጅ አልሰጠንም፤ ዓርብ ከሰዓት ላይ ግን ሁለታችንም ሥራ ነበረን። ወደብ ላይ ገመድ የቀጠቀጠው ጣትህ ቋጠሮ እምቢ ስላለህ አንተ ትመርጣለህ፣ እኔ እቋጥራለሁ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የጥልፍ እጅ ነበረኝ። ክሩን አምስት ዙር አዙሬ፣ በምራቄ አርሼ፣ ቀስ ብዬ ስስበው «ይኼ ከኛ ጋብቻ ይጠብቃል» ትለኝ ነበር። ናይቫሻ ሐይቅ የምትሄድ ከሆነ ጣጣ የለውም፤ ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ አንድ ትል። የሞምባሳው ጠፍጣፋ ዓሣ ግን ምርጫ ይፈልግ ነበር። አሸዋ ላይ ተለጥፎ ነው የሚውለው፤ ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ አሸዋውን እየነካ መጎተት አለበት፣ መንጠቆው ከኋላው መከተል አለበት። ጨረቃ ስትሞላ ውኃው ስለሚበረታ ከባዱ እርሳስ፣ ግማሽ ስትሆን ቀላሉ። ማባበያው ደግሞ ንጊሲ የሚሉት አጥንት የለሽ የባሕር ፍጥረት ነው፤ እንደ ሪባን ቀጥኖ ይቆረጥና ጫፉ ላይ አንዴ ብቻ ይወጋል። ደጋግመህ ከወጋኸው ይጠቀለላል፣ ከተጠቀለለ አይውለበለብም፣ ካልተውለበለበ ያ ሰነፍ ዓሣ ከአሸዋው አይነሣም። ከመንጠቆው በላይ ሁለት ቀይ ዶቃ ካለ ደግሞ ዓይኑ ቶሎ ያየዋል።

የምንጣላው በክሩ ርዝመት ነበር። ከእርሳሱ እስከ መንጠቆው አንተ ስንዝር ይበቃል ትላለህ፣ እኔ ክንድ ይሁን እላለሁ። ተኝቶ ሽቅብ የሚያይ ፍጥረት እርሳስ አፍንጫው ላይ ሲወድቅበት ይደነግጣል እንጂ ይበላል እንዴ ብዬ። አንተም ባሕር ሳታዪ ባሕር አዋቂ ሆንሽ እያልክ ትስቅብኛለህ። በመጨረሻ ወሰድከኝ። ባካሪ ጀልባ ላይ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለሕንድ ውቅያኖስ ካስረከብኩ በኋላ አንድ ጠፍጣፋ ዓሣ ያዝኩ፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ባንድ ጎኑ ላይ ናቸው። «እይው፣ እንዳንቺ ፊቱን አዙሮ የተኛ አኩራፊ ነው» አልከኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣውም አኩራፊ ተባለ፣ እኔም አኩራፊዋ ተባልኩ።

ከዚያ ታመምክ። ሐኪሙ ውጤቱን ሲነግረኝ አንተ ለምርመራ ደም ልትሰጥ ታች ወርደህ ነበር። ለሱ አይንገሩት ብዬ ለመንኩት። ሐኪሙ ቅር እያለው፣ ካልጠየቀኝ አልነግረውም አለኝ። የኛ ሰው እንዲህ ነው፤ የበሽተኛው ልብ እንዳይሰበር ቤተሰቡ ይሸከምለታል። አባቴንም የሸኘነው እንዲሁ ነው። ጨጓራህ ቆስሏል፣ በየሦስት ሳምንቱ ሆስፒታል የሚሰጥ ጠንካራ የጨጓራ መድኃኒት አለ አልኩህ። «ያንቺ በርበሬ ነው» ብለህ ሳቅክ። ሐኪሙ ግን ሕክምናውን ሳያቋርጥ ከጨረሰ ዓመት፣ ምናልባትም ሁለት ሊጨምርለት ይችላል ብሎኝ ነበር። እኔ ያቺን ዓመት ይዤ ነበር የምኖረው።

ሁለቱን ጊዜ አብሬህ ሄድኩ። በሦስተኛው፣ «ለጨጓራ ሰው አጃቢ ይዞ ይሄዳል? ምግብ ቤት ዘግተሽ? ሰው ምን ይላል?» አልከኝ። ምን ልመልስ? ጨጓራ አይደለም ልበልህ? ሐሙስ ጠዋት ትንሿን ቦርሳህን ይዘህ በር ላይ ሸኘኸኝ፣ እኔ ማታቱ ይዤ ወደ ኢስትሊ ሄድኩ። ሁለት ቀን አስተኝተው ነው የሚሰጡኝ፣ ጠያቂ አያስገቡም አልክ። እኔም ብመጣ አንዷ ነርስ ፊትህ ምስጢሩን ታወጣብኛለች ብዬ ፈራሁና ቀረሁ። ቅዳሜ ስትመለስ ፊትህ ጠቁሮ ትመጣ ነበር፤ መድኃኒቱ ነው ያከሰለው ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ደግሞ ትበላለህ፣ ትቀልዳለህ፤ መድኃኒቱ ሠራ ብዬ ለማርያም ስለት ተሳልኩ። አምስት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

አሁን ሳጥኑን ስከፍት ያየሁትን ልንገርህ። ከላይ የኔ መንጠቆዎች አሉ፤ በአምስት ዙር የተቋጠሩ፣ እንደተጠቀለሉ፣ ያልተነኩ። ከሥራቸው ሌሎች አሉ። ሦስት ዙር ብቻ የዞሩ፣ ጫፋቸው በክብሪት የተለበለበ፣ አንዳንዱ ሁለቴ የተቋጠረ። ያ የተቀጠቀጠ ጣትህ ምን ያህል እንደታገለ ያስታውቃሉ። እርሳሶቹን አሸዋ ፍቆ አብርቷቸዋል። አንዱ መንጠቆ ላይ የንጊሲ ቁራጭ እንደ ወረቀት ደርቆ ቀርቷል፣ በቀጭኑ የተቆረጠ፣ አንዴ ብቻ የተወጋ። የናይቫሻ ዕቃ አይደለም፤ ይህን የማላውቅ ይመስልሃል? ክሩን በእጄ ለካሁት፤ ክንድ ነው። ያሸነፍኩህን ክርክር እንኳ ሳትነግረኝ ሞትክ።

ከመንጠቆዎቹ በላይ ያሉት ቀይ ዶቃዎች የኔ መቁጠሪያ ናቸው። ለሕይወትህ የጸለይኩበት መቁጠሪያ። ጠፋብኝ ብዬ ሳለቅስ ፍራሹን አንሥተህ አብረኸኝ ፈለግክ። አልጋ ሥር ገብተህ፣ አቧራ ለብሰህ ወጥተህ፣ «ይገኛል፣ አይዞሽ» አልከኝ። የተረፉት በመድኃኒትህ ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ለባካሪ ደወልኩለት። በለቅሶህ ጊዜ አብረን ከማልቀስ በቀር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ «ማማ፣ እጅሽን ተሻለሽ?» አለኝ። የትኛው እጄ? «ፖሌ ሳና፣ አይዞሽ ማማ፣ መጨረሻ ላይ ቋጠሮሽ እየተፈታ አስቸግሮን ነበር፤ ደምሰው እጇን አሟት ነው ብሎኛል» አለ። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ሐሙስ ሐሙስ በአውቶቡስ ትደርሳለህ፤ የሞምባሳ መንገድ እኮ ደጃችን ነው፣ ከቤት ወጥተህ እጅህን ማንሣት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሰህ ጀልባው ላይ ትቀመጣለህ። የያዝከውን ለሰፈሩ ሰው ትሰጣለህ፣ ቤት ይዘኸው መምጣት አትችልማ። መታመምህንም ያውቅ ነበር፤ ምን እንደሆነም ጭምር። አንተ ራስህ ነግረኸዋል። የሆስፒታሉ በር ላይ «የካንሰር ሕክምና» ተብሎ የተጻፈውን አንብቤያለሁ ብለኸዋል። ሃያ ዓመት የመርከብ ወረቀት በእንግሊዝኛ ያነበበ ሰው በር ላይ ያለ ጽሑፍ አያነብም ብዬ የተማመንኩት እኔ ሞኟ ነኝ።

ለምን ለሚስትህ አትነግራትም ሲልህ የመለስክለትን ባካሪ ቃል በቃል ነገረኝ። «እንዳላውቅ ትፈልጋለች፤ ስለዚህ አላውቅም።»

ስልኩን ዘጋሁ። ደምስዬ፣ ሌላ ሴት ብትይዝብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷን ሄጄ ፀጉሯን እነጫለሁ። ባሕርን ምን አደርገዋለሁ? ያቺ አንዷ ዓመት የኔም አልነበረችም እንዴ? ሳትጠይቀኝ እርሳስ አስረህ አሰመጥካት። መጨረሻ ላይ ሲጥልህ ሐኪሙ አይቶኝ፣ ሕክምናው ባይቋረጥ ኖሮ ብሎ ነገሩን ሳይጨርስ ወጣ። ያኔ ድካምህ ያቋረጠው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሁለታችንም ተስማምተን የተውነው መስሎታል። ጀልባ ነጂው ያወቀውን፣ ሐኪሙ ያወቀውን፣ ሠላሳ ዓመት አብሬህ የተኛሁት እኔ ብቻ ሳላውቅ ቀረሁ። ተከድቻለሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

አራት ቀን እንዲህ ስሰድብህ ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን እማማ ደወሉ። እንደ ልማዴ «ሞምባሳ ነው» ልል አፌን ከፈትኩና ቃሉ አልወጣ አለኝ። እሳቸው ስልኩ ላይ ዝም ብለው ጠበቁ። ያ ዝምታ የማውቀው ዝምታ ነው። መድኃኒቱ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቅህ አንተም እንዲህ ዝም ትልና ትስቅ ነበር። እማማ ሳያውቁ ቀርተው ይሆን፣ ወይስ እንዳያውቁ ስለፈለግን ነው የማያውቁት? ልጃቸው አንተ ነህና ከማን ተማርከው ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ የዋሸሁት እኔ መሆኔንም ያኔ ነው የቆጠርኩት። እኔ ባልጀምር አንተ አትከተልም ነበር፤ አንድ ጀልባ ላይ ሆነን ስለዚያች አንድ ዓመት እንከራከር ነበር። ምናልባት ታሳምነኝ ነበር። ምናልባት ንጊሲውን እኔ እቆርጥልህ ነበር። ይህን ስል ግን ንዴቴ የበረደ እንዳይመስልህ።

ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ወንድሞችህ ተቆጥተዋል፤ የእማማ ልብ አይችልም ይላሉ። የሰው ልብ የሚችለውን እኔ አውቃለሁ ብዬ ያደረግኩትን አየሁት። ሽማግሌ አስከትዬ በማግስቱ ማለዳ ቤታቸው እገባና መርዶውን ራሴ አረዳቸዋለሁ። ዓመት ሙሉ ዋሸሽኝ ብለው ይረግሙኝ ይሆናል። መታለል እንዴት እንደሚያም አሁን አውቄዋለሁና ጎንበስ ብዬ እቀበላለሁ።

ሳጥኑን ለባካሪ አልሰጠሁትም። የኔን ቋጠሮዎች ላክሁለት፤ እጄ እንዳልታመመ ይወቅልኝ። ያንተን በሦስት ዙር የተቋጠሩትን አስቀርቻለሁ። ዶቃዎቹን ፈትቼ መልሼ ሰካኋቸው፤ ከአርባ አንዱ ሠላሳ ስምንት ተገኙ። ሦስቱ ዓሣ ክር ሲበጥስብህ ባሕሩ ውስጥ ቀርተዋል። ስጸልይ ሠላሳ ስምንት ላይ ያልቅብኛል፤ ቀሪዎቹን ሦስት በባዶ ጣቴ እቆጥራለሁ፣ ያኔ አንተን አስታውሳለሁ። በየቀኑ ነው የማስታውስህ። ይቅርታውን ግን ገና አልጀመርኩትም፤ ስጀምር እነግርሃለሁ፣ ካሁን በኋላ አንደባበቅም።

እማማ ስንብቱ እንዴት ነበር ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አልጋ ላይ ተኝቶ በመድኃኒት ሲሰቃይ ነበር አልልም። ያን ዓመት ሁሉ የነገርኳቸው ሐሰት ነበር፤ አንዱ ብቻ እውነት ሆኖ ተገኘ። ልጅዎ ባሕር ላይ ነበር፣ ዓሣ ያጠምድ ነበር እላቸዋለሁ።

አኩራፊዋ ሚስትህ