ያልተሳቀበት ስድብ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ ካፔለ

ዛሬ ዴን ሃግ ከተማ በነበረው ጉባኤ አማካሪዬ ፕሮፌሰር ስለ ጥንት የስኮትላንድ ገጣሚዎች ተናገረ፤ ንጉሥ ፊት ቆመው በግጥም ስለሚሰዳደቡት። ስድቡን እንደ ፍትሐት ደገመው። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ከዚያ «በመካከላቸው ጥልቅ ጥላቻ ነበር» ብሎ ደመደመ። ድንቄም ምሁር! አዝማሪ ሰድቦት፣ ስቆ ሸልሞ ቢያውቅ ኖሮ ጨዋታ መሆኑ በገባው ነበር። ፀጉሩ የሸበተው በዚህ ግጥም ላይ ነው እኮ! እጄን አውጥቼ «ለመሆኑ ማን አሸነፈ?» አልኩት። «ይሄ የምርምር ጥያቄ አይደለም» አለኝ፣ እንደ ሕፃን እያየኝ። ሲያበቃ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ የዶክትሬት ጽሑፌን የሚያሳልፈው እሱ ነው።

እነዚያ ገጣሚዎች ንጉሥ ፊት ተሰዳደቡ። እኔ እዚህ በሬን ዘግቼ፣ እሱ በማያነበው ቋንቋ እሰድበዋለሁ።