የቪዮላ ተጫዋቹን የአቶ አስረስ ገብረ መድኅንን ዕረፍት በተመለከተ

ከጎፋ ሴቶች እድር
ጸሐፊ፦ ሙሉመቤት ወልደ ሰንበት
የካቲት 2 ቀን 1973 ዓ.ም.

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ እንግዳ ደምሴ “ሥራ ፈት” ብለው መዝግበው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ የላኳቸው የቪዮላ ተጫዋች አቶ አስረስ ገብረ መድኅን፣ በሄዱ በሁለተኛው ወር፣ ጥር 14 ቀን፣ በወባ በሽታ በአርባ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል። እድራችን መርዶውን ያገኘው ሁለት መስመር ብቻ ባላት ደብዳቤ ነው። ሐዘናችን ከባድ ነው። የእኛም እጅ ስላለበት ደግሞ ዝም ማለት አልቻልንም፤ ለአባላት፣ ለሰፈሩ ሕዝብና ለሙያ ባልደረቦቻቸው ይህን ጽፈናል።

አቶ አስረስ ሥራ ፈት አልነበሩም። በ1961 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኤሌኒ፣ ከአቶ ኑሪና ከአቶ በንቲ ጋር አራት ሆነው የክር መሣሪያ ቡድን አቋቋሙ። ሁለቱ ቫዮሊን፣ አቶ በንቲ ቼሎ፣ እሳቸው ቪዮላ ይጫወቱ ነበር። ቪዮላ በመጠኑ ከቫዮሊን ተለቅ ያለና ድምፁ ወፈር ያለ ነው። በአራቱ መካከል ስለሚገባ ብዙ ሰው ለይቶ አይሰማውም።

በ1963 ዓ.ም. መለማመጃ ስላልነበራቸው እድራችን የድንኳንና የወንበር ማስቀመጫ ቤቱን ሰጣቸው። እነሱም በበኩላቸው በየልቅሶው ቤት ድንኳን ሊተክሉልን ተስማሙ። አቶ አስረስ ገመዱን በጣታቸው መትተው ያዳምጡና “ይህ ገና ነው፣ ሳቡት” ይሉ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ እሳቸው የወጠሩት ድንኳን በነፋስ ወድቆ አያውቅም።

በ1966 ዓ.ም. አቶ አስረስ በአንቺሆዬ ቅኝት ለአራቱ መሣሪያዎች የሚሆን ረጅም የሙዚቃ ሥራ ደረሱ። ቡድኑ ይህንኑ ሥራ በሦስት አዳራሾች አቀረበ፤ በራዲዮም ተላለፈ። ከለውጡ በኋላ ጥሪው ሲቀንስ አቶ ኑሪ ፋብሪካ ገቡ፣ አቶ በንቲ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፣ ወይዘሮ ኤሌኒም ማስተማር ጀመሩ። አቶ አስረስ ግን “አንዳችን እንኳ ቀኑን ሙሉ ካልተለማመድን አራታችንም እንዝጋለን” ብለው ቪዮላቸውን ይዘው ቀሩ። የሥራ መታወቂያ ያልነበራቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በፈቃዳቸው አስተምረዋል። ከዚህ እድር አሥራ አራት ሴቶችን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። እጃችን እንቢ ሲለን “እኔ ቀስት መያዝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ እናንተ በሦስት ወር ምን አስቸኮላችሁ?” እያሉ ያሥቁን ነበር።

ኅዳር 11 ቀን 1973 ዓ.ም. ሊቀመንበሩ ወደ ስብሰባችን ወረቀት ይዘው መጡ። “እናቶች፣ በቀለም ጣት መንከር ቀረ አይደል? በሉ ጽሑፋችሁን አሳዩኝ” አሉን። ጸሐፊያችን በዕለቱ አልነበሩም፤ እኛ ገና ፊደል እየቆጠርን ስለምናነብ፣ በሰው ፊት ስንንተባተብ መታየት አሳፈረን። ስም መጻፍ ግን እንችል ነበር፤ ያም ኩራታችን ነበር። አሥራ አራታችንም ሳናነብ ፈረምን። ወረቀቱ በሰፈሩ ሥራ ፈት መሆናቸውን የምንመሰክርባቸው ሰዎች ዝርዝር ነበር። አቶ አስረስ ስድስተኛው ላይ ተጽፈዋል።

በማግስቱ ስናውቅ ሦስት ጊዜ ቀበሌ ሄድን። “ፊርማችሁ አይደለም?” ተባልን። ፊርማችን ነበር። ኅዳር 16 ቀን መኪናው ሲመጣ አቶ አስረስ የቪዮላውን ክር አላልተው ለወይዘሮ ኤሌኒ ሰጡና “እኔ ቆላውን እችለዋለሁ፣ እሱ ሙቀት አይችልም” አሉ። እኛን አልወቀሱም። ቢወቅሱን ይሻለን ነበር።

አስከሬናቸው እንዲመጣ ጠየቅን፤ መኪና የለም ተባለ። እድር ሆነን አንድ ሰው መቅበር አቃተን። ሦስት ቀን ባዶ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። አቶ ኑሪና አቶ በንቲ ተከሉት፤ ገመዱን የሚያዳምጥ ግን አልነበረም፤ በሁለተኛው ቀን በአንድ ወገን ተኛ። ሦስቱ ባልደረቦቻቸውም ለመጫወት ሞክረው አልሆነላቸውም። ወይዘሮ ኤሌኒ “መሃሉ ወልቋል” ብለውናል። ቡድኑ ከእንግዲህ አይኖርም።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ፅጌረዳ፣ ለሁለቱ ልጆቻቸውና ለሦስቱ የሙያ ባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጥልን። ወይዘሮ ፅጌረዳ ደጃቸውን ቢዘጉብን አንቀየምም። ይቅርታ ብንጠይቅም በምን እንደምንክስ አናውቅም።

ጓድ እንግዳ ለሚቀጥለው ዙር የሚላኩ ሰዎችን ስም እስከ ዓርብ ጽፈን እንድናስረክብ አዘዋል። ሌላ ሰው ይጽፍላቸው ይሆናል፤ ያንን ማስቆም አንችልም። ፊደሉን ያስተማሩን ሰው ግን ሞተዋል። የዚህ እድር ሴቶች ከእንግዲህ የማንንም ስም ጽፈን አንሰጥም።